በሩ ያውቅሻል

ሐሙስ፣ የካቲት ሃያ አንድ

ውድ እታለም፣

እንዴት እንደምጀምርልሽ ስላላወቅኩ የምትቆጪበትን ነገር አስቀድሜ ብነግርሽ የሚሻል መሰለኝ። ከዕቃሽ አንድም አላወጣሁም። ሰማያዊው ቀሚስሽ፣ ጥጉ የተሰነጠቀው መስታወትሽ፣ አልጋሽ ሥር ያለው ካርቶን፣ ጓደኛው የጠፋበት ባለ ተረከዝ ጫማሽ፣ ሁሉም እዚያው ቀሩ። አሁን ደግሞ «እዚያው» የሚባል ቦታ የለም። ቤታችን የለም። እኔና እማዬ ደህና ነን። ይህን ከሁሉም በላይ መጻፍ ነበረብኝ፤ ግን ወረቀቱ ጥቂት ስለሆነ ልሰርዘው አልፈለግኩም። እኔና እማዬ ደህና ነን።

ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ቤት እያለሁ መምህሩ ሰላምታ፣ ዋና ጉዳይና ስንብት አለው ብለውን ነበር። እኔ ገና ከመነሻዬ ሰላምታውን ዘለልኩት። ማውራት እንደማልችል ታውቂያለሽ። «ዝም አይነቅዝም» ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ሰፈሩ ሁሉ እስከ ዛሬ በሱ ነው የሚጠራኝ። እንደተባለው አልነቀዘም። ከሄድሽ ጀምሮ ያጠራቀምኩት ሁሉ እንዳለ ነው፤ ዛሬ ጎተራውን ስከፍተው ከየቱ እንደምዝቅ ጠፋኝ።

ትልቁን ጎረቤታችንን ታስታውሺዋለሽ አይደል? አባዬ ተራራውን እንደዚያ ነበር የሚጠራው። «ጨው የማይበደር፣ ሰው የማያማ፣ ጠጥቶ የማይጮህ ጎረቤት የት ይገኛል?» እያለ ደጃፋችን ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ያየው ነበር።

ጎረቤታችን ጮኸ፣ እታለም።

መጀመሪያ ላይ ከወለሉ ሥር አንድ ሰው ቁም ሳጥን የሚጎትት ይመስል ነበር። እማዬ የስፌት መኪናዋን አቁማ «ማነው?» አለች። ማንም አልነበረም። ሳህኖቹ መደርደሪያው ላይ እንደ ተቀመጡ እርስ በርሳቸው ማንሾካሾክ ጀመሩ። በነጋታው የጉድጓዱ ውሃ ለብ ብሎ ተገኘ፤ ሴቶቹ «ዛሬስ ማገዶ ተረፈ!» እየተባባሉ ልብስ አጠቡበት። ሳቁ ብዙም አልቆየም። ጥቂት ቀን ቆይቶ የተራራው ጎን እንደ አሮጌ ሱሪ ተተረተረ።

አመዱን ልንገርሽ። ጠዋት ተነስቼ መስኮቱን ስከፍት ቀኑ አልነበረም። ሰማዩ ዝቅ ብሎ ጣሪያችን ላይ የተቀመጠ ይመስላል። መንገዱ፣ የተሰጣው ልብስ፣ የቆመው ጋሪ፣ የውሻው ጀርባ፣ ሁሉም አንድ ቀለም ሆነዋል። ሰው ሲራመድ ኮቴው አይሰማም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅ ሳላሰማ ነው የምሄደው፤ በዚያን ቀን ዓለም ሁሉ እንደኔ መራመድ ጀመረች። ደነገጥኩ፤ ግን ደግሞ፣ እንዴት እንደምልሽ አላውቅም፣ ያወቀኝ ሰው ያገኘሁ ያህል ተሰማኝ።

ከኛ ቀጥሎ ያለው ባለ ወፍጮ፣ ወፍጮው ቢቆም አፉ የማይቆመው ጋሽ ወፍጮ፣ መዳፉን ዘርግቶ አመዱን በጣቱ እያሸ «አቤት አፈጫጨት! እኔ ጥርሴ እስኪረግፍ ስፈጭ ኖሬ እንዲህ አድርጌ አላደቀቅኩም» አለ። ሚስቱ ከውስጥ ሆና «ግባና አፍህን ዝጋ፣ ይሞላብሃል!» አለችው። «አፌ ሲዘጋ አይተሽው ታውቂያለሽ?» አላት።

ከዚያ የቀለጠው ድንጋይ መጣ። በራዲዮ ገሞራ ይሉታል። እኔ ከወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ሆኜ ያየሁት ግን የሚራመድ ግድግዳ ነው። ውጪው ጥቁር ነው፤ ሲሰነጠቅ ውስጡ ይታያል፤ ውስጡ ያለውን ቀለም ከምን ጋር እንደማመሳስለው አላውቅም። እማዬ ጋ የማይመጣ የጨርቅ ዓይነት የለም፤ እንደዚያ ያለ ቀይ ግን አይቼ አላውቅም። ድምፁ ደግሞ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ቀስ ብሎ ሸክላ የሚሰብር ዓይነት ነው። አይቸኩልም። ልክ እንደ አሮጊት ይሄዳል፤ አረፍ ይላል፣ ይተነፍሳል፣ ደግሞ ይነሳል። መንገዱን የሚዘጋበት ማንም እንደሌለ የሚያውቅ ነው። ዛፎቹ ሳይነካቸው፣ ገና ከሩቅ ሲያያቸው፣ ቦግ ብለው ይበራሉ።

ልንገርሽ? ያምር ነበር። የሰው ቤት እየበላ የሚመጣን ነገር ያምራል ማለት ነውር መሆኑ አይጠፋኝም። ለማንም አልተናገርኩም። ጣሪያው ላይ ተንበርክኬ አፌን በሁለት እጄ ይዤ ነበር፤ ጋሽ ወፍጮ ከታች አይቶኝ «አይዞሽ ልጄ፣ አታልቅሺ» አለኝ። እያለቀስኩ አልነበረም። ምድር ከውስጥ ይህን ሁሉ ይዛ፣ እኛ እላይዋ ላይ ሆነን ስንጠርግና ስንወለውል መኖራችን ነው የገረመኝ። አንድም ቀን ሳትነግረን!

በማግስቱ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች አስተባባሪ በድምፅ ማጉያ እየጮኸች በመንገዳችን አለፈች። «ከየቤቱ አንድ አንሶላ! በአንድ አንሶላ የሚቋጠር ዕቃ ብቻ! አልጋ የለም፣ ፍሪጅ የለም፣ ቁም ሳጥን የለም! ነገ ጠዋት መኪና ይመጣል!»

«ባልስ?» አለች አንዷ ከበሯ ላይ።

«ባል በእግሩ ይውጣ!» አለች አስተባባሪዋ ሳትቆም። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ሴቶቹ እየሳቁ ግድግዳ ተደገፉ።

የሳቁት ሰዎች ገብተው አንሶላቸውን ወለል ላይ ዘረጉ። ተኝተውበት የኖሩት ነገር ያን ያህል ጠባብ መሆኑን አያውቁም ነበር። መጀመሪያ የመጣው ማን ይመስልሻል? ጋሽ ወፍጮ። ሦስት አንሶላ በብብቱ ይዞ እማዬ ፊት ቆመ።

«አንድ ላይ ስፊልኝ።»

«አንድ አንሶላ ነው እኮ ያሉት፣ ጋሼ።»

«ከሰፋሽው በኋላ ስንት ይሆናል? አንድ! ስንት ክንድ እንደሆነ አልነገሩን።»

ወሬው እንደ እሳት ተያያዘ። እኩለ ቀን ሳይሆን ሴቱም ወንዱም አንሶላ ተሸክሞ ደጃፋችን ላይ ተሰለፈ። ውጪው ስለጨለመ መብራት አብርተን እማዬ ትሰፋለች፤ እኔ ጠርዝ ለጠርዝ እያገጣጠምኩ አቀብላታለሁ። ሰልፉ ላይ የሚወራውን ብትሰሚ! ሁሉም ስለሚወስደው ነገር ነው የሚከራከረው። የጋሽ ወፍጮ ሚስት ካውያዋን ይዛ ቆማለች፤ እሱ ደግሞ የወፍጮ ቤቱን ሚዛን።

«ሚዛን ይዘህ ምን ልትመዝን ነው? ወሬህን?»

«አንቺስ ምን ልትተኩሺ ነው? አመዱን?»

አንዲት አሮጊት ግን ከማንም ሳይከራከሩ አንዲት የትራስ ልብስ ብቻ ለእማዬ ዘረጉላትና «አፏን አጥብቢልኝ» አሏት። ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቅናቸውም። እማዬ ሰፋችላቸውና እጃቸውን ሳመች።

እኔ በየመሃሉ ወደ ውስጥ እየገባሁ የኛን ዕቃ አያለሁ። ምን እንደምመርጥ አላውቅም፤ ማንም ምረጪ አላለኝም፤ ግን ከኛ ቤት ሌላ መራጭ አልነበረም። መደርደሪያው ፊት ቆምኩ። እታለም፣ ማንኪያ በደንብ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ እስከዚያ ቀን አይቼ አላውቅም። አንደኛው ማንኪያ ላይ የአባዬ ጥርስ የነከሰው ምልክት አለ። ኩባያዎቹ ከውስጣቸው የየራሳቸው የውሃ መስመር አላቸው። ሁሉም ነገር ዝም ብሎ ያየኛል፤ እንደኔ አፍ የለውም። አንዱን ሳነሳ ሌላው የከፋው ይመስለኝና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ደግሞ ከሁሉም የምፈልገው የማይነሳው ነበር፤ አባዬ ደረጃው ላይ ሲጋራውን የሚያጠፋበት ያ ጥቁር ነጥብ። ደረጃ በአንሶላ አይቋጠርም።

የአንቺን ካርቶን አወጣሁት። ከፍቼ ግን አላየሁም፤ በፈጣሪ እምላለሁ። ብቻ ከአንሶላችን ጋር ላስቀምጠው ብዬ አንሶላ ስፈልግ አልጋዎቹ ራቁታቸውን ናቸው።

ወደ እማዬ ሄጄ በጆሮዋ «አንሶላችን የታለ?» አልኳት።

«ለጋሽ ወፍጮ ጨመርኩለት። ለሚዛኑ አልበቃ ብሎት ነበር።»

«ለኛስ?»

ክር በጥርሷ በጠሰች። «ለኛ ምን ያደርጋል?» አለችና ቀጣዩን አንሶላ ተቀበለች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ከጠዋት ጀምሮ የመንደሩን ሰው ሁሉ ስታስነሳ የዋለችው እሷ አትነሳም።

በነጋታው መኪናው ሲመጣ የሚራመደው ግድግዳ የወፍጮ ቤቱን አጥር አልፎ ነበር። ሙቀቱ ፊት ላይ እንደ ምድጃ ይመጣል። እማዬ የመስኮቱን መጋረጃ አውርዳ የደንበኞቿን ልብስ ቋጠረችበት፤ ያልተጠናቀቀ ኮት፣ እጅጌው ያልተተከለ ሸሚዝ፣ ያቺ የአስተማሪዋ ጉርድ። የራሷን አንድ መሐረብ እንኳን አልጨመረችም።

«የሰው አደራ ነው። ይዘሽ ውጪ» አለችኝ።

«አንቺስ?»

«እከተልሻለሁ።»

ቋጠሮውን መኪናው ላይ ሰጥቼ ዞር ስል አልተከተለችኝም። ስመለስ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች። ትሰፋለች። መርፌው ሥር ጨርቅ የለም፣ እታለም። ፔዳሉን ትረግጣለች፣ መርፌው ይወጣል ይወርዳል፣ ባዶውን ይሰፋል። ከውጪ የሸክላው ስብራት ይሰማል፤ ከውስጥ የመኪናዋ ድምፅ። እጇን ያዝኩት።

«እማዬ፣ ተነሽ።»

«ሂጂ አንቺ። ልጅ ነሽ።»

«ያላንቺ የትም አልሄድም።»

ፔዳሉን አቆመች። ወደኔ ግን አላየችም፤ በሩን ነበር የምታየው። «ስትወጣ ምን እንዳልኳት ሰምተሻል» አለች።

ሰምቻለሁ። አንቺ ከተማ ሄጄ ዳቦ ቤት እሠራለሁ ስትዪ፣ እሷ ደግሞ ይህን የስፌት መኪና ማን ይረከበኛል ስትል፣ እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ። «ከወጣሽ በሩ አያውቅሽም!» አለችሽ። አንቺም ቁልፍሽን ኪስሽ ከተትሽና «በሩ ባያውቀኝ እኔ አውቀዋለሁ» ብለሽ ወጣሽ። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት አገጭ ነው ያላችሁ፤ ያን ጊዜም ይህን ነበር ያሰብኩት።

አንቺ የማታውቂውን ደግሞ ልንገርሽ። ከዚያን ቀን ወዲህ እማዬ የውስጡን መቀርቀሪያ ዘግታው አታውቅም። ስልክሽ ከተዘጋ በኋላ እንኳን። «ሌባ ቢገባስ?» ስላት «ይሄን መቆለፊያ የሚከፍት ሌባ አልተወለደም» ትለኝ ነበር። በቁልፍ የሚከፍት ሰው በመቀርቀሪያ እንዳይመለስ ነበር፤ አልጠየቅኳትም፣ አልነገረችኝም፣ ግን እናውቅ ነበር።

«አፌ ነው የተናገረው» አለች አሁን። «እኔ አይደለሁም። አሁን በሩን ለእሳት ጥዬ ብሄድ ያልኩት እውነት ሊሆን ነው። ብትመጣ ቁልፏን ምን ላይ ነው የምታስገባው? ድንጋይ ላይ?»

የምትናገሪው አንቺ ነበርሽ፤ እኔ ቃል የለኝም። ወደ በሩ ዞርኩና አየሁት። ያ መቆለፊያ፣ አባዬ የገጠመው። እስቲ አስታውሺ፣ ወሬ ይዞት ገልብጦ ገጠመው፤ ሰው ሁሉ ቁልፉን ጥርሱን ወደ ታች ሲያስገባ እኛ ወደ ላይ፣ ሰው ወደ ቀኝ ሲያዞር እኛ ወደ ግራ። እማዬ ስትስቅበት አናጺ ሆኖ ተሳሳትኩ ማለት አንቆት «ሌባ እንዲቸገር ብዬ ነው!» አለ፤ እስኪሞትም አላስተካከለው። መቆለፊያው በሩ ላይ የተያዘው በአራት ብሎን ነው።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ አላውቅም። የስፌት መኪናዋን መሳቢያ ሳብኩና የአባዬን ካቻቢቴ አወጣሁ።

የመጀመሪያው ብሎን እሺ አላለም። በሩ በየጊዜው ሲቀባ ቀለሙ ውስጡ ደርቋል። ካቻቢቴው እያዳለጠ መዳፌን ላጠው። ከውጪ ክላክስ ተነፋ። ደግሞ ተነፋ። አስተባባሪዋ በማጉያዋ «የልብስ ሰፊዋ ቤት! ውጡ!» ትላለች። ከዚያ ከኋላዬ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ። እማዬ የስፌት መኪናዋን ዘይት አመጣችና ብሎኖቹ ላይ አንድ አንድ ጠብታ አደረገች። ዘይቱ የትም አልፈሰሰም።

የመኪናው ሞተር ድምፁ ተለወጠ፤ ሊሄዱ ነው።

እታለም፣ ጮህኩ። እኔ! ከየት እንደወጣ በማላውቀው ድምፅ «ቆይ!» አልኩ። «ሰው አለ! ቆዩ!» መንገዱ በሙሉ ወደኔ ዞረ። ከጭነቱ ላይ ጋሽ ወፍጮ ብድግ ብሎ «ሰዎች፣ ዝም አይነቅዝም ተናገረች! ዛሬስ እውነትም የዓለም መጨረሻ ነው!» አለ።

ሹፌሩ እየተሳደበ ገባ፤ ፊቱ በላብና በአመድ ተለስኗል። በሩ ላይ ተጣብቀን ሲያየን ጮኸብን።

«ምን እያደረጋችሁ ነው? እሳት መጣ ስትባሉ በር ታሳምራላችሁ?»

«ሁለት ብሎን ነው የቀረው» አልኩት።

ካቻቢቴውን ነጥቆኝ ሦስተኛውን ፈታና መቆለፊያውን ሲያየው ቆም አለ። «ይሄ ተገልብጧል እኮ! ማነው የገጠመው?»

«ባሌ ነው» አለች እማዬ።

«ምን ነበር ሥራው?»

«አናጺ።»

ሹፌሩ አየኝ፤ እኔም አየሁት። እማዬ ሳቀች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ እንባዋ በአመዱ ላይ መስመር እየሠራ፣ ሳቀች። «ሌባ እንዲቸገር ነው» አለችው። አባዬ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር። እሱም አራተኛውን እየፈታ «እንኳን ሌባ እኔም ተቸገርኩ» አለ።

መቆለፊያው ሲወጣ ከነሙቀቱ ነበር። በቀሚሴ ጫፍ ይዤ እማዬ እቅፍ ውስጥ አኖርኩላት። እሷም እንደ ሕፃን ተቀበለችው። የስፌት መኪናዋን ዞር ብላ አየቻት፤ ጎንበስ ብላ መርፌዋን ፈታችና ደረቷ ላይ ሰካችው። ሌላ ምንም አልነካችም። ካርቶንሽ አልጋሽ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው የቀረው። ትዝ ያለኝ መኪናው ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው።

በሩ መቆለፊያ ባይኖረውም ዘጋችው። ገፋ ሲያደርጉት እየተከፈተ ሲያስቸግራት ከአንገቷ ላይ የልኬት ሜትሯን አወረደችና ቀዳዳው ውስጥ አሳልፋ፣ ከመዝጊያው ምሰሶ ጋር፣ በአበባ ቋጠሮ አሰረችው። ለሠርግ ልብስ የምትጠቀምበት ቋጠሮ።

ከኮረብታው ላይ መኪናው ቆመ። ማንም ቁም አላለውም፤ ሹፌሩ ራሱ ነው ያቆመው። ሁላችንም ዞርን። አመዱ ትንሽ ተገልጦ ስለነበር መንገዳችን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። ግድግዳው ወደ ቤታችን ሲደርስ ቆመ። እውነቴን ነው፤ ደጃፉ ላይ፣ ደረጃው ጋ፣ አባዬ የሚቀመጥበት ቦታ ቆመ። ከኋላው የሚመጣው እየተነባበረ ከፍ አለ፣ ከጣሪያው በላይ ሆነ፣ አሁንም አልገባም። ደረቱ ላይ ቀዩ ተከፍቶ ይዘጋል፣ ይተነፍሳል። በመኪናው ላይ ካለነው ሰዎች አንድም የሚያስል አልነበረም። ጋሽ ወፍጮ እንኳን፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አፉን ከፍቶ ዝም አለ። ወፍጮው ቆመ።

ከዚያ በሩ ብቻውን በራ። የቤቱ ግድግዳ ገና ሳይጠቁር፣ ጣሪያው ገና ቆርቆሮ ሆኖ ሳለ፣ በሩ ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቦግ አለ፤ አራት ማዕዘን ብርሃን፣ የሆነ ሰው ከውስጥ ሆኖ የከፈተው ይመስላል። የዕድሜዬን ያህል ብኖርና ደግሞ ያንን ያህል ብጨምር እንደዚያ ያለ ነገር የማይ አይመስለኝም። ፈራሁ፤ ፍርሃቱ ግን የሚያሸሽ አልነበረም፤ ዝም ብለሽ ቁሚ የሚል ዓይነት ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ገባ። ቤታችን ጎንበስ አለ፣ እንደ ደከመው ሰው፣ ከዚያ አልነበረም።

እማዬ መቆለፊያውን አቅፋ ስታይ ቆየችና «እንኳን አልቆለፍነው» አለች። «ይሄ እንግዳ በር ሰብሮ የሚገባ ነበር።»

አሁን ያለነው በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነው። ቤተሰብ ከቤተሰብ በጨርቅ ተከልሎ ይተኛል። ጋሽ ወፍጮ የኛን አንሶላ ከሱ ላይ ተርትሮ መለሰልን፤ ሲተረትር «የናትሽ ስፌት ከወፍጮ ድንጋይ ይጠነክራል» እያለ ቀኑን ሙሉ ተማረረ። ከሰው የምትከልለን ያቺ አንሶላ ናት። እማዬ የደንበኞቿን ልብስ በእጇ እየጨረሰች ትመልሳለች፤ የኮቱ ባለቤት ኮቱን ሲያይ አለቀሰ፤ ከቤቱ የተረፈው ልብስ እሱ ብቻ ነው። ስለ መቆለፊያው ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ከትራሷ ሥር አውጥታ በጨርቅ ትወለውለዋለች፣ መልሳ ታስገባዋለች። ስላንቺ ልትጠይቀኝ አፏን ትከፍትና ስለ ክር ትጠይቀኛለች።

ዛሬ ከሰዓት ስማችን ተጠራ። ከአዳራሹ በስተጀርባ ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠሩ ክፍሎች አሉ፤ አንዱ ለኛ ደርሶናል። ሄጄ አየሁት። በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ መዝጊያቸው ሽቦ ነው። አንድ ቁጡ አናጺ አለ፤ ምስማር በጥርሱ ይዞ ነው የሚናገረው፣ ትልልቅ ሰዎች እንኳን ይፈሩታል። እማዬ ልትለምነው አትችልም፤ ምክንያቱን ማስረዳት ስላለባት።

ስለዚህ ነገ ጠዋት እኔ እሄዳለሁ። ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ ለሹፌሩ እሰጠዋለሁ፤ በየሳምንቱ አንቺ ወዳለሽበት ከተማ ይወርዳል፣ ዳቦ ቤቱን ጠይቄ አገኛለሁ ብሎኛል። ከዚያ መቆለፊያውንና የአባዬን ካቻቢቴ ይዤ አናጺው ፊት እቆማለሁ። የምለውን ከአሁኑ እየተለማመድኩት ነው፦ «ጋሼ፣ ተገልብጦ ይገጠምልን።» ማን ያበደ ነው እንዲህ ያስተማረሽ ብሎ እንደሚጮህብኝ አውቃለሁ። ሌባ እንዲቸገር ነው እለዋለሁ። እምቢ ካለኝ ራሴ እገጥመዋለሁ፤ አራት ብሎን ነው።

የክፍላችንን ቁጥር አልጽፍልሽም፤ ገና አልተቀባም። አያስፈልግሽምም። ስትመጪ ከመጀመሪያው በር ጀምሪ። ቁልፍሽን ጥርሱን ወደ ላይ አድርገሽ አስገቢ፣ ወደ ግራ አዙሪ። የሚከፈትልሽ የኛ ነው።

ታናሽ እህትሽ፣
ዝም አይነቅዝም